ሚንክና የጓሮ ዶሮ፦ በሰሜን አሜሪካ ለሚያረቡ

ጠዋት የዶሮ ቤቱን ስትከፍቱ ሰባት ስምንት ዶሮ ሞቶ፣ አብዛኛው ሳይበላ፣ ጥግ ላይ ተከምሮ ብታገኙ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው በሽታ ነው፤ አለዚያም ምቀኛ ጎረቤት። ከመደምደማችሁ በፊት ጓንት አድርጉና የአንዷን ዶሮ አንገት ከኋላ በኩል፣ ከራስ ቅሉ ሥር፣ ላባውን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። እዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀራረቡ ትንንሽ የጥርስ ቀዳዳዎች ካሉ፣ ቤቱም ውስጥ የሚከረፋ ከባድ ሽታ ከቀረ፣ ጎረቤታችሁ ነፃ ነው። የገባው ሚንክ ወይም ትንሹ ዘመዱ ዊዝል ነው።

ሌሎቹ ሌቦች የሚተዉት ምልክት ይለያል። ራኩን ከሆነ ራስና ጉሮሮ ይጠፋል፤ በሽቦው ቀዳዳ እጁን አስገብቶ እግር ወይም ክንፍ ቦጭቆ የመጎተት ልማድም አለው። ቀበሮና ኮዮቴ ዶሮዋን ይዘዋት ይሄዳሉ፤ የሚተርፋችሁ ላባ ብቻ ነው። ባለቀንዱ ትልቅ ጉጉት ራስና አንገቷን በልቶ ቀሪውን ይተዋል። ኦፖሰም እንቁላልና ጫጩት ይወዳል፣ ትልቅ ዶሮ ሲያገኝም ከኋላዋ ጀምሮ አዝረክርኮ ይበላል። ይህን መለየት ለወሬ አይደለም፤ ለራኩን የሚበጀው ጠንካራ መቀርቀሪያ ለሚንክ ምንም አይፈይድምና።

አገር ቤት ዶሮ አርብቶ የሚያውቅ ሰው ጠላቱን ያውቃል፦ ቀን ጭልፊት፣ ሌት ሸለምጥማጥ። ሚኒሶታ፣ ዊስኮንሲን፣ ሚሺጋን ወይም ዋሽንግተን ስቴት መጥቶ ጓሮው ውስጥ ጥቂት እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን ሲያስቀምጥ ግን የሚገጥመው እንስሳ ሌላ ነው፤ በአገር ቤት ልማድ የተሠራ ቆጥም አያቆመውም። እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ሚንኩን ማሳደድ ትታችሁ ቤቱን ዝጉ። ማሳደዱ ለምን ትርፍ እንደሌለው፣ የቱ ቀዳዳ መዘጋት እንዳለበትና መቼ መጠንቀቅ እንደሚሻል የሚነግራችሁ የእንስሳው ተፈጥሮ ነው።

የአሜሪካው ሚንክ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ጅራቱ ብቻውን ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። ትልቅ ወንድ ከአንድ ኪሎ አለፍ ይላል፤ ሴቷ የዚያ ግማሽ ያህል ናት። ቀለሙ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ቡናማ ሲሆን አገጩ ሥር ብዙውን ጊዜ ነጭ ምልክት አለው። ዊዝል በሰሜኑ ክረምት ነጭ ስለሚለብስ በጃንዋሪ በረዶ ላይ ያያችሁት ቀጭን እንስሳ ነጭ ከሆነ ሚንክ አይደለም። ውሃ ዳር ስትዋኝ ያያችኋት ደግሞ ፀጉር የሌለው ጠፍጣፋ ጅራት ካላት ማስክራት ናት፤ ለዶሮ አታሰጋም፣ እንዲያውም የሚንክ ምግብ ናት። ግራጫ፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ የሚመስል ሚንክ ካያችሁ ከእርባታ ያመለጠ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ የዱሩ ሚንክ እንዲህ ያለ ቀለም ብዙም የለውም። ዊስኮንሲን በአሜሪካ ከፍተኛው የሚንክ አርቢ ግዛት ስለሆነ እዚያ የምትኖሩ ይህን አስታውሱ። እርባታው ራሱ የቆየ ነው፤ በኒው ዮርክ ግዛት የተጀመረው በ1860ዎቹ ነው።

ቀጭኑና ረጅሙ አካሉ ሁሉን ነገር ያብራራል። እንዲህ የሆነው የማስክራትና የጥንቸል ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ለማደን ነው። ራሱ የገባበት ቀዳዳ ቀሪ አካሉንም ያስገባዋል። በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ልክ 2.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ የሰፋ ቀዳዳ ሁሉ በር ነው። የአሜሪካ ኳርተር ሳንቲም ስፋት 24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መለኪያው ኪሳችሁ ውስጥ አለ ማለት ነው። ኳርተሩ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ይደፈን።

ይህ ቅጥነት ግን ዋጋ ያስከፍለዋል። ረጅምና ቀጭን አካል ሙቀት ቶሎ ያባክናል፣ ብዙ ስብ ለማጠራቀምም አይመችም። ስለዚህ ሚንክ እንደ ድብ ክረምቱን ተኝቶ አያሳልፍም፤ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድም በበረዶው ሥር ባለው ክፍተት እየተሽሎከሎከ ዓሣ፣ ክሬይፊሽ፣ እንቁራሪት፣ አይጥና ማስክራት ያድናል። የተረፈውን ጉድጓዱ ውስጥ ያከማቻል። አርቢዎችን የሚያስቆጣው "ለጨዋታ ገደለ" የሚባለው ነገርም ከዚህ ይመነጫል። ዱር ውስጥ አንዷን ሲይዝ ሌሎቹ ይበተናሉ፤ የመግደል ስሜቱ እዚያ ላይ ያበቃል። የተዘጋ ቤት ውስጥ ግን የሚበተኑበት የላቸውም። የሚንቀሳቀስና የሚንጫጫ ነገር እስካለ ድረስ ይነክሳል፣ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ቢችል ሁሉንም ጎትቶ ያከማች ነበር። ጭካኔ ብላችሁ ብትጠሩት አልከራከርም፤ ለእናንተ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን አንድ ሌሊት ብቻ ክፍት መተው ሁሉንም ዶሮ ሊያሳጣችሁ መቻሉ ነው።

የሚመጣው በውሃ መንገድ ነው። በእግሮቹ ጣቶች መካከል በከፊል የተዘረጋ ቆዳ አለው፣ ፀጉሩ ዘይታምና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ውሃ አያስገባም። ወንዱ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የወንዝ ዳር ይዞታ አለው፤ የሴቷ አጠር ይላል። ወንዝ ብቻ ማለቴ አይደለም። የጎርፍ ቦይ፣ ከመንገድ ሥር የሚያልፍ የውሃ ቱቦ፣ የጎልፍ ሜዳ ኩሬ፣ የጎረቤት የዓሣ ገንዳ ሁሉ መንገዱ ነው። አሥር ሺህ ሐይቅ አለኝ በሚል ግዛት ውስጥ "እኛ ከውሃ ሩቅ ነን" የሚል ሰው የሰፈሩን ካርታ አንድ ጊዜ በስልኩ ከፍቶ ቢያይ ጥሩ ነው። ሸንበቆ፣ የድንጋይ ክምርና የማገዶ ቁልል ከቦዩ እስከ ዶሮ ቤታችሁ ተያይዞ ከሆነ መሸሸጊያ ያለው መንገድ አዘጋጅታችሁለታል። ማገዶውን ከዶሮ ቤቱ አርቁት፤ በዙሪያው ያለውን ሣር አጭር አድርጋችሁ ያዙት።

በረዶ ሲጥል ዱካውን ማንበብ ይቻላል። እየዘለለ ስለሚሄድ እግሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያርፋሉ፣ በጥንዶቹ መካከል ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኖራል፤ አንዳንዴ በሆዱ እየተንሸራተተ ቦይ የሚመስል መስመር ይተዋል። ዱካው ውሃ ውስጥ ገብቶ ከጠፋ ሚንክ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። እዳሪውንም ድንጋይ ወይም ግንድ ላይ፣ ጎላ ያለ ቦታ መርጦ ያስቀምጠዋል፤ ጥቁርና የተጠማዘዘ ሲሆን የዓሣ ቅርፊትና ፀጉር አለበት።

አሁን ወደ ወቅቱ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ሚንክ ከፌብሩዋሪ ማብቂያ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ይሳረራል። ሴቷ እንቁላል የምትለቀው ከተሳረረች በኋላ ነው፤ ፅንሱም ወዲያው ከማህፀኗ ግድግዳ ጋር አይጣበቅም። ቀኑ እየረዘመ ብርሃኑ እስኪጨምር ተንሳፎ ይቆያል፣ ከዚያ ይጣበቅና ወደ 30 ቀን ገደማ ያድጋል። ስለዚህ እርግዝናው ከ40 እስከ 75 ቀን ሊለያይ ይችላል። ቀድማ የተሳረረችውም ዘግይታ የተሳረረችውም የሚወልዱት ግን በተቀራረበ ጊዜ፣ በኤፕሪል ማብቂያና በሜይ ነው። በአንድ ወሊድ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ግልገል ይኖራል። ሲወለዱ ዕውር ናቸው፤ ጡት የሚተዉት በ5ኛው ወይም በ6ኛው ሳምንት ነው። ወንዱ በማሳደግ አይረዳም፤ አዳኟ እናቲቱ ብቻ ናት።

እንግዲህ የእናንተን ዓመት ከዚህ ጋር አስተያዩት። የእርሻ ዕቃ መደብሮች ጫጩት የሚሸጡት በማርችና በኤፕሪል ነው። ቤት ውስጥ በሙቀት መብራት ስድስት ሳምንት አቆይታችሁ ወደ ውጭ የምታወጧቸው በሜይ ወይም በጁን ነው። ያን ጊዜ ሴቷ ሚንክ ጉድጓድ ሙሉ ግልገል አላት፤ ሌት ተቀን ታድናለች፣ ጠባብ ቀዳዳ ለመግባትም ከወንዱ ትሻላለች። ያልጠነከሩ፣ ገና ቆጥ ላይ መውጣት ያልለመዱ፣ መሬት ላይ ተቃቅፈው የሚያድሩ ወጣት ዶሮዎች ይጠብቋታል። ሁለተኛው ክፉ ጊዜ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ነው። ያደጉት ልጆች ከእናታቸው ተለይተው ይዞታ ፍለጋ ይበተናሉ፤ መንገዱን የማያውቁ፣ የተራቡ፣ ያገኙትን የሚሞክሩ ናቸው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ብላችሁ ያሳደጋችኋቸው ዶሮዎች የሚደርሱት ልክ በዚህ ወቅት መሆኑን ልብ በሉ።

ማሳደድ ትርፍ የለውም ያልኩትም ለዚህ ነው። አንዱን ብትይዙት ይዞታው ባዶ ይሆናል፣ በመኸር ሌላ ወጣት ይገባበታል። ቀዳዳው ካልተደፈነ ለተከታዩ ቦታ አመቻቻችሁለት ማለት ነው።

ወደ ሥራው። ባለስድስት ማዕዘን የሆነው የተለመደው የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ለመያዝ እንጂ አውሬ እንዳይገባ ለመከልከል አልተሠራም። የሚያስፈልጋችሁ ሃርድዌር ክሎዝ የሚባለው በብየዳ የተሠራ ባለአራት ማዕዘን የሽቦ ወንፊት ነው፤ የቀዳዳው ስፋት ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። የዶሮ ቤቱን መስኮትና አየር ማስወጫ ሁሉ በዚህ ሸፍኑ። በክረምት ብርድ ይገባል ብላችሁ አየር ማስወጫውን በጨርቅ አትድፈኑት፤ ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበትና የኩሱ ጋዝ ከብርዱ ይልቅ ዶሮዎቹን ይጎዳል። ሽቦውን በስቴፕል ብቻ አትያዙት፤ በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ እሰሩት፣ ጠርዙን በጣውላ ደርቡበት። ክዳኑና ግድግዳው የሚገናኙበትን ጥግ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ሚንክ ሽቅብ መውጣት ያውቅበታል።

ለመፈተሽ የሚበጀው ዘዴ ቀላል ነው። ፀሐይ በወጣችበት ቀን ውስጥ ግቡና በሩን ዝጉ። ዓይናችሁ ጨለማውን ሲለምድ ብርሃን የሚገባበት ሁሉ ይታያችኋል። በኖራ ምልክት አድርጉበት፣ ከዚያ ኳርተሩን ይዛችሁ ዙሩ።

ወለሉ አፈር ከሆነ ከግድግዳው ሥር ወደ ውጭ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሽቦ አንጥፋችሁ በአፈር ወይም በድንጋይ ሸፍኑት። ሚንክ ራሱ ብዙም ቆፋሪ አይደለም። ቆፋሪዋ አይጥ ናት፤ እሱ በእሷ ጉድጓድ ይገባል። በዶሮ ቤታችሁ ሥር የአይጥ ቀዳዳ ካለ ሁለት ችግር አለባችሁ፤ ምግብም መንገድም ሰጥታችሁታል። መኖውን ክዳን ባለው የብረት በርሜል አስቀምጡ፣ የፈሰሰውን ማታ ጥረጉ። አይጧን በመርዝ ሳይሆን በወጥመድ ያዟት። መርዝ የበላች አይጥ የምትሞተው ከቀናት በኋላ እየተንገዳገደች ነው፤ እሷን የሚበላው ጉጉት፣ ድመት ወይም የጎረቤት ውሻ ሊሆን ይችላል።

ስለ በሩ ትንሽ ላቆያችሁ። አብዛኛው አንባቢዬ ሠራተኛ ነው። ሁለተኛ ሺፍት የገባ ሰው ቤቱ የሚደርሰው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፤ በዲሴምበር ሚኒያፖሊስ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚያ መካከል ያለው የሰባት ሰዓት ጨለማ የሚንክ ነው። "ልጆቹ ይዘጉታል" የሚለው ዝግጅት እስከ መጀመሪያው የትምህርት ቤት ፈተና ድረስ ይሠራል። ብርሃን ሲቀንስ ራሱ የሚዘጋ አውቶማቲክ በር ግዙ፤ ከዕቃው ሁሉ ገንዘቡ የማያስቆጨው ይህ ነው። ከገዛችሁ በኋላም በረዶ ሐዲዱ ላይ ተጋግሮ ጥቂት ጣት ክፍት እንዳያስቀረው በየሳምንቱ እዩት። በእንቅስቃሴ የሚበራ መብራት፣ ሬድዮ፣ የሽታ መርጫ የሚሸጡላችሁን አትመኑ፤ የተራበ እንስሳ ቶሎ ይለምደዋል።

ወጥመድ ማጥመድ ካማራችሁ መጀመሪያ ስልክ ደውሉ። ሚንክ ፀጉሩ የሚፈለግ እንስሳ ስለሆነ በብዙ ግዛቶች ፈቃድና የአደን ወቅት አለው፤ ንብረት ሲያጠፋ ያለው ደንብ ደግሞ ለብቻው ነው፣ ከግዛት ግዛትም ይለያያል። የግዛታችሁ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ይነግራችኋል። የዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ቢሮዎችም አሉ፤ አገር ቤት የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያማከረ ሰው ሥራቸውን ያውቀዋል፣ ምክሩም በነፃ ነው። በአሜሪካ ለሚንክ ተብሎ የተፈቀደ መርዝ የለም፤ ስለዚህ መርዝ አስቀምጦ የተገኘ ሰው ጥፋተኛው እሱ ነው። ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅም ደግነት አይደለም፤ በብዙ ቦታ ክልክል ነው፣ በሜይ የተወሰደች እናት ደግሞ ግልገሎቿ ጉድጓድ ውስጥ በረሃብ ያልቃሉ።

እንግሊዝ አገር ላላችሁ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሚንክ የአገሩ እንስሳ አይደለም። በ1929 ለእርባታ የገባ ነው፤ ዱር ውስጥ መራባቱ የተረጋገጠው በ1956 በዴቨን ግዛት፣ በቲን ወንዝ ላይ ነበር። የውሃ ዳር አይጦችን ክፉኛ ስለፈጀ በወጥመድ የተያዘን ሚንክ መልሶ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው። በስዊድንና በአይስላንድም ከእርባታ አምልጦ ነው የተስፋፋው። የአውሮፓ የራሱ የሆነው ሚንክ ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ ሊጠፋ ጫፍ ላይ የደረሰ ስለሆነ በስፔን፣ በፈረንሳይና በሩማኒያ የምትኖሩ በጥርጣሬ ብቻ እጃችሁን አታንሱበት።

የሞቱትን ዶሮዎች በባዶ እጅ አትንኩ። አውሬ የሰበረውን አለመብላት የሃይማኖታችን ሕግ ስለሆነ በዚህ ላይ ብዙ መምከር አያስፈልገኝም፤ ነገር ግን ለውሻም አትስጡ። የወፍ ጉንፋን የሚባለው ኤች5ኤን1 ቫይረስ ሚንክንም ይይዛል። በኦክቶበር 2022 በስፔን ጋሊሲያ በአንድ እርባታ ገብቶ ከ50 ሺህ በላይ ሚንኮች እንዲወገዱ ምክንያት ሆኗል። ከዚያ በፊት በ2020 ኮሮና ከሰው ወደ ሚንክ፣ ከሚንክ ወደ ሰው ሲተላለፍ ዴንማርክ ያሏትን ከ15 ሚሊዮን በላይ ሚንኮች እንዲገደሉ አድርጋለች። በእርባታ ውስጥ የምትሠሩ ካላችሁ ጭምብልና ጓንት ለይስሙላ የሚሰጣችሁ አለመሆኑን ከዚህ ተረዱ፤ በጉንፋን ታማችሁ ወደ ሥራ አትግቡ። ጓሮ ውስጥ ለሚያረቡም እንዲሁ ነው። ቁስል ሳይኖርባቸው ብዙ ዶሮዎች ባንድ ጊዜ ከሞቱ ሚንክን ትታችሁ የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤቱን ጥሩ።

ለዓሣ አጥማጆች አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዶሮው ወጣ ቢልም። በ1960ዎቹ የሚሺጋን ሚንክ አርቢዎች ከታላላቆቹ ሐይቆች የተጠመደ ኮሆ ሳልሞን ለእንስሳቱ ቀለቡ። ሴቶቹ መውለድ አቃታቸው፤ የወለዱትም ግልገሎቻቸው ሞቱባቸው። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን ሲከታተሉ ጥፋተኛው ከፋብሪካ ወጥቶ በዓሣው ስብ ውስጥ የተጠራቀመው ፒሲቢ የተባለ ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። ሚንክ ለዚህ መርዝ እጅግ ስስ ነው። ከእነዚህ ሐይቆች ዓሣ እያጠመዳችሁ ለልጆች የምታበሉ፣ በተለይ እርጉዝ ሴት ያለችበት ቤት፣ ግዛቱ የሚያወጣውን ከየትኛው ሐይቅ የትኛው ዓሣ በወር ስንት ጊዜ ይበላ የሚል መመሪያ አንብቡ።

ወንዝ ዳር የምታዩት ሚንክ በአጠገቡ ዓሣና ማስክራት እንዳለ ይነግራችኋል፤ ዶሮ ቤታችሁ ከተዘጋ ከእናንተ ጋር ጠብ የለውም። ዘንድሮ ዶሮ ያለቀባችሁ ሁሉ ሌላ ጫጩት ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የሽቦ ወንፊቱንና አውቶማቲክ በሩን ግዙ፣ በአንድ ቅዳሜ ግጠሙት፣ ሁለት ሳምንት በባዶው ፈትሹት። ጫጩቱ ከዚያ በኋላ ይታዘዛል።